በነጻ የሚታደለው አዲስ ኪዳን፦ ለአዲስ መጪዎች እንስጥ ወይስ አንስጥ?

ሲልቨር ስፕሪንግ (ጥያቄ አቅራቢ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። በኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን ኅብረታችን የቀረበ አንድ ሐሳብ ብዙ አነጋግሮናል። በዲቪም በጥገኝነትም አዲስ የሚመጡ ወገኖቻችንን ስንቀበል እንግሊዝኛ አዲስ ኪዳን እንስጣቸው የሚል ነው። መጽሐፉ ምንም ወጪ የለውም። "ባይብልስ ፎር አሜሪካ" የሚባል ድርጅት አሜሪካ ውስጥ ለጠየቀው ሁሉ በነጻ ይልካል፤ የፖስታውንም ራሱ ይሸፍናል።

እኔ ሐሳቡን እቃወማለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የሚታደለው መጽሐፍ "ሪከቨሪ ቨርዥን" ይባላል። አሳታሚው አናሃይም፣ ካሊፎርኒያ ያለው ሊቪንግ ስትሪም ሚኒስትሪ ነው። አዲስ ኪዳኑ በ1985 ወጣ፤ ብሉይን ጨምሮ ሙሉው በ1999። አዲስ ኪዳኑ ከ9 ሺህ በላይ የግርጌ ማስታወሻዎች አሉት። የጻፋቸው አንድ ሰው ነው፤ ዊትነስ ሊ። በ1905 ቻይና ተወለደ፤ ከቻይናዊው ሰባኪ ከዋችማን ኒ ጋር አገለገለ፤ በ1962 አሜሪካ ገባ፤ በ1997 አረፈ። ትምህርቱን የሚከተሉት ጉባኤዎች "አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት" ተብለው ይታወቃሉ።

እኔን ያሳሰበኝ ማስታወሻው ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥45 "ኋለኛው አዳም ሕይወትን የሚሰጥ መንፈስ ሆነ" ይላል። ሊ ከዚህ ተነስቶ ክርስቶስ በትንሣኤው ሕይወት ሰጪ መንፈስ ሆኗል ብሎ አስተማረ፤ የትምህርቱም ምሰሶ አደረገው። ከኢሳይያስ 9፥6 "የዘላለም አባት" ከሚለው ተነስቶ ደግሞ ወልድ አብ ተብሏል ይላል። ብዙ ወንጌላውያን ምሁራን ይህ የሥላሴን አካላት ያደባልቃል ብለው ተቃውመውታል። አዲስ መጪ ወገን ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል? እኛን አምኖ ነው የሚቀበለው። መጽሐፍ ቅዱስ ሰጡኝ ይላል፤ የአንድ ሰው ትምህርት ጨምረው ሰጡኝ አይልም።

ዳላስ፦

ወንድሜ፣ ሐሳቡን ከሚደግፉት ወገን ነኝ፤ ስለዚህ ልመልስልህ።

ተማሪ ሳለሁ የሚያድሉት ሰዎች ካምፓስ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ይህን መጽሐፍ ሰጥተውኛል። ማንም ወደ ጉባኤያችን ና ብሎ አልጎተተኝም። ማስታወሻውን ማን እንደጻፈውም አልደበቁም፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የሊ ስም ተጽፏል።

ስለ ሥላሴ ያነሳኸውም ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ልጨምርልህ። ፓሳዴና ያለው ፉለር ሴሚናሪ ከሊ ተከታዮች ጋር ለሁለት ዓመት ያህል ተነጋግሮ፣ ጽሑፋቸውን መርምሮ በ2006 መግለጫ አወጣ። ትምህርታቸው በመሠረታዊው ነገር ሁሉ ታሪካዊውን የክርስትና እምነት ይወክላል አለ። ክርስቲያን ሪሰርች ኢንስቲትዩትስ? ከ1970ዎቹ ጀምሮ አጥብቆ ሲተቻቸው የነበረ ተቋም ነው። በ2009 የመጽሔቱን አንድ ሙሉ እትም ለጉዳዩ ሰጥቶ "ተሳስተን ነበር" ብሎ በአደባባይ ጻፈ። ይህን ሳትነግረን "ብዙ ምሁራን ተቃውመዋል" ብቻ ካልክ ለአንባቢው ፍትሐዊ አልሆንክም።

ሊ ራሱም አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ ከዘላለም እስከ ዘላለም አብረው እንደሚኖሩ ጽፏል። አብ ጠፍቶ ወልድ መጣ፣ ወልድ ጠፍቶ መንፈስ መጣ አላለም።

ሲያትል፦

የዳላሱ ወንድማችን ያነሳቸው ሁለቱም እውነት ናቸው። ግን በመሐል 2007ን ዘለልከው።

በ2007 መጀመሪያ ላይ ከ60 በላይ ወንጌላውያን ምሁራን ለሊቪንግ ስትሪምና ለጉባኤዎቹ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ፉለር መግለጫውን ካወጣ በኋላ ማለት ነው። ከሊ ጽሑፎች የተወሰዱ አነጋገሮችን ዘርዝረው እነዚህን በይፋ ተዉአቸው አሉ። ስለዚህ ጉዳዩ በ2006 አልተዘጋም። የ2009ኙም እትም ከወጣ በኋላ የማይስማሙ ምሁራን መልስ ጽፈዋል።

ደብዳቤው ሌላም ነገር ጠይቋል። የሚተቹ ክርስቲያኖችን በፍርድ ቤት መክሰስ ይቅር ብሏል። ምክንያት ነበረው። ሊቪንግ ስትሪምና በርካታ ጉባኤዎች በ2001 አንድን የክርስቲያን መጻሕፍት አሳታሚ 136 ሚሊዮን ዶላር ከሰዋል፤ ስለ መናፍቃን ቡድኖች ባሳተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ውስጥ ስማችን ተካቷል ብለው። የቴክሳስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2006 ለአሳታሚው ፈረደ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2007 ጉዳዩን አላይም አለ።

እኔን ከነገረ መለኮቱ እኩል የሚከብደኝ ይህ ነው። ትምህርትህን በነጻ ለሕዝብ ስታድል፣ ሕዝቡ ደግሞ በነጻነት ይመርምረው። የሚመረምርህን ከከሰስክ ስጦታህን በሙሉ ልብ ለመቀበል ይከብደኛል።

ዳላስ፦

እህቴ፣ ስምሽ በሐሰት ከጠፋ ምን ታደርጊያለሽ? እዚያ መጽሐፍ ውስጥ አብረው የተዘረዘሩት እኮ ቀላል ቡድኖች አይደሉም። እነሱ ደጋግመው አነጋግሩን ብለው ለምነናል ነው የሚሉት።

ሲያትል፦

ገባኝ፤ ቁስሉ ይገባኛል። ግን ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት መክሰሱን አጥብቆ ነው የገሠጸው። ማስታወሻ ከጻፉበት ክፍል ውስጥ ያለ ቃል ነው።

አትላንታ (ዲያቆን)፦

ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በእናንተ ኅብረት ጉዳይ አልገባም። ነገረ መለኮቱ ላይ ግን ሁለት ነገር ልበል።

መጀመሪያ፣ ሊን አላግባብ የሚያስከስሰው ነገር አለ። እግዚአብሔር ሰው የሆነው ሰው አምላክ እንዲሆን ነው፤ በሕይወትና በባሕርይ እንጂ በአምላክነቱ አይደለም ብሏል ተብሎ ሲወገዝ አነባለሁ። ይህ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ቅዱስ አትናቴዎስ ቃል ሰው የሆነው እኛ አማልክት እንሆን ዘንድ ነው ብሎ ጽፏል። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ይኸው አትናቴዎስ ነው። 2ኛ ጴጥሮስ 1፥4ም "ከመለኮት ባሕርይ ተካፋዮች" ይላል። አባቶች ጸጋን ከባሕርይ ለይተው ስለሚያስተምሩ "በባሕርይ" የሚለው አነጋገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐሳቡን በጅምላ ኑፋቄ ማለት ግን አትናቴዎስንም መንካት ነው።

ሁለተኛው ከባድ ነው። በእኛ ትምህርት ሥላሴ በስም፣ በአካል፣ በግብር ሦስት ናቸው፤ በባሕርይ፣ በመለኮት፣ በሕልውና አንድ። አንዱ በሌላው ሕልው ነው፤ ወልድ ግን አብ አይደለም፤ መንፈስ ቅዱስም ወልድ አይደለም። አባቶች የጥንቱን መምህር ሰባልዮስን ያወገዙት ሦስቱን አካላት ወደ አንድ አካል ስለጠቀለለ ነው። ሊ አብረው ይኖራሉ ማለቱ ከሰባልዮስ ይለየዋል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በአንድ ገጽ አብረው ይኖራሉ፣ በሌላ ገጽ ወልድ አብ ነው፣ ጌታ መንፈስ ነው ካለ ምእመኑ የቱን ይዞ ይሄዳል? ሊቁ አስታርቆ ያነበው ይሆናል። ጀማሪው ግን ደማቁን ዓረፍተ ነገር ነው የሚይዘው።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ጥያቄ አቅራቢ)፦

ዲያቆን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የመጀመሪያውን ነጥብ እቀበላለሁ፤ በሱ ማንንም መክሰስ አልፈልግም። ሁለተኛው በትክክል የኔ ስጋት ነው።

ለእኛ ደግሞ ጉዳዩ የመጽሐፍ ላይ ክርክር ብቻ አይደለም። የ"ኦንሊ ጂሰስ" ክርክር፣ አብም ወልድም መንፈስ ቅዱስም ኢየሱስ ብቻ ነው፣ ጥምቀትም በስሙ ብቻ ነው የሚለው፣ አገር ቤት ስንት ቤተሰብ እንደከፈለ ደቡብ ያደገ ሰው ያውቃል። ባልና ሚስት ስለ ጥምቀት ስም ተጣልተው የተለያዩበት አለ። የሊ ትምህርት ያ አይደለም፤ እሱን ግልጽ ላድርግ። ግን ያንን ቁስል ይዞ ለመጣ ሰው "ወልድ አብ ተብሏል" የሚል ማስታወሻ አስረክበነው ዘወር ልንል አንችልም።

ቶሮንቶ (ጋሼ)፦

ልጆቼ፣ ክርክራችሁን እየተከታተልኩ ነው። ጨዋ ነው፤ ደስ ብሎኛል።

ይህ ጥያቄ ድሮም የነበረ ነው። ጄኔቫ ላይ በ1560 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በኅዳጉ ብዙ ማስታወሻ ነበረው። ንጉሥ ጀምስ ማስታወሻዎቹን ጠላቸው፤ ለንግሥና አይመቹም ብሎ። በ1611 ያሳተመው ትርጉም ያለዚያ ዓይነት ማስታወሻ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1804 ሲቋቋም ደንቡ ምን ነበር? ቃሉን ያለ ማስታወሻና ያለ ሐተታ ማሰራጨት። ብዙ ቤተ እምነቶች አብረው ሊሠሩ የቻሉት በዚያ ደንብ ነው። አቡ ሩሚ የሚባሉት የእኛው አባ አብርሃም የተረጎሙትን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ሙሉውን ያሳተመው ይኸው ማኅበር ነው።

አሁን የማይጥማችሁን ልናገር። እኛ ወንጌላውያን አሜሪካዊው ሰባኪ ስኮፊልድ በመጽሐፍ ቅዱስ ግርጌ የጻፈውን ማስታወሻ ስንት ዘመን ተሸከምነው? በ1909 የወጣ ነው። ስለ ዘመናት ክፍፍልና ስለ ንጥቀት የምንሰብከው ብዙው ከዚያ ግርጌ የመጣ ነው። ብዙ ሰባኪ ከጳውሎስ ያገኘው ይመስለዋል፤ ከስኮፊልድ ነው ያገኘው። ያን ጊዜ ማንም ስብሰባ አልጠራም። ስለዚህ የቻይናውን ሰው ብቻ ነጥላችሁ አትያዙ። ደንብ ካወጣችሁ ለሁሉም ይሁን።

አትላንታ (ዲያቆን)፦

ጋሼ በትክክል ነክተውታል። በእኛም ዘንድ ቃሉ ያለ ትርጓሜ አይሰጥም። ግን አንድምታው የአንድ ሊቅ ድምፅ አይደለም። አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው እያለ የብዙ መምህራንን ሐሳብ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ደግሞም ከመምህር እግር ሥር ተቀምጠህ ነው የምትማረው። የግርጌ ማስታወሻ ጥያቄ ብትጠይቀው አይመልስልህም።

ሲያትል፦

ሥላሴውን ሁሉም ያነሳዋል፤ ሌላ ማስታወሻ ግን ማንም አላነሳም። ራእይ 1፥11። ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት በሰባት ከተሞች ነበሩ። ሊ ከዚህ ተነስቶ በአንድ ከተማ አንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሊኖር ይገባል ይላል። የቤተ እምነት ስም ይዞ መለያየት ስሕተት ነው ብሎ ያስተምራል።

አዲሱን ወገን አስቡት። ቋንቋ አያውቅም፤ ሥራ አልያዘም። ያለው ዘመድ የእሁድ ጉባኤው ነው። ቤት የሚፈልግለት፣ ሆስፒታል የሚያስተረጉምለት፣ ሐዘን ሲደርስበት ለቅሶ የሚቀመጥለት እሱ ነው። በእጃችን የሰጠነው መጽሐፍ ይኸው የቤተ እምነት ስም ያለው ጉባኤ መኖር የለበትም ቢለው ወዴት ይሂድ?

ዳላስ፦

እህቴ፣ እዚህ ላይ አጥብቄ እለይሻለሁ። ያ ማስታወሻ እውነት ይናገራል! በየከተማችን ስንት የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ቁጠሩ። ስንቱ በትምህርት ተለየ? ስንቱስ በሽማግሌዎች ጠብና በሕንጻ ገንዘብ ተለየ? ዮሐንስ 17 ላይ ጌታ አንድ ይሁኑ ብሎ ጸለየ። አንድ ቻይናዊ ወንድም ይህን ቢያስታውሰን ልንሰማው ይገባል። አዲስ መጪውም መለያየታችንን ከማስታወሻ አይደለም የሚማረው፤ በመጣበት ወር በዓይኑ ያየዋል።

ቶሮንቶ (ጋሼ)፦

ልጄ፣ ይህ ልቤን ነካው። እውነትህን ነው፤ መለያየታችን ኃጢአት አለበት። ነገር ግን መድኃኒቱ ሌላ ስም የሌለው ጉባኤ ጨምሮ እውነተኛው አንድነት እኔ ጋ ነው ማለት ይሆናል? በአንድ ከተማ ላይ አንድ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ጥያቄ አቅራቢ)፦

በቅዳሜው የሽማግሌዎች ስብሰባ የማቀርበውን ልንገራችሁ፤ አስተያየታችሁ ለውጦታል።

ጋሼ እንዳሉት ደንቡ ለሁሉም ይሆናል። ኅብረቱ በስሙ የሚሰጠው ማስታወሻ የሌለውን መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነው። የአማርኛውን የ1954 ዓ.ም. (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ትርጉም እንሰጣለን፤ ለሚፈልግ እንግሊዝኛ እንጨምራለን። የስኮፊልድም የሌላም ማስታወሻ ያለበት አይካተትም። ገንዘቡ የት አለ ለምትሉ፣ ለዓመት በዓል ድግስ ከምናወጣው ቀንሰን እንገዛለን። ወገን ለመቀበል ይህ አይበዛም። በነጻ ስለተገኘ ብቻ የሌላውን ትምህርት በእኛ ስም ማደል ግን ለኔ ትክክል አይደለም።

ሪከቨሪ ቨርዥን የሚያነብ ሰው አይከለከልም፤ መናፍቅ ተብሎም ስሙ አይጠፋም። ይህ በቃለ ጉባኤ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።

ዳላስ፦

በደንቡ ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም። ያለ ማስታወሻ የተሰጠ መጽሐፍ ብዙ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይቀራል፤ እኔን ማንበብ ያስጀመረኝ ማስታወሻው ነው። የመጨረሻው ነጥብ በቃለ ጉባኤ ከተጻፈ ግን አልከራከርም።

አንድ ነገር እለምናለሁ። የረቡዕ ጥናት ላይ 1ኛ ቆሮንቶስ 15ን አብረን እናንብብ። የሊን ማስታወሻ እኔ አመጣለሁ። የ2007ቱን ደብዳቤ እህታችን ታምጣ፤ የፉለርን መግለጫም እኔ።

ሲያትል፦

አመጣለሁ። ከኢስተርን ሰዓት ሦስት ሰዓት ወደኋላ ስለሆንኩ ጥናቱ በኢስተርን ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት አይጀመር፤ ከሥራ የምወጣው ያን ጊዜ ነው። ዲያቆን፣ እርስዎም ቢገኙ ደስ ይለናል።

አትላንታ (ዲያቆን)፦

ረቡዕ ጾም ነው እንጂ ጥናት አይከለከልም። እገኛለሁ።