ጥያቄ፦ አያቴ ቡና ስትቆላ ጭሱን በፎቶ ማንሳት አቃተኝ

የጅሬን ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ ነው። አያቴን፣ እኛ ቤት «አኮ» ነው የምንላት፣ ጠዋት ቡና ስትቆላ ማንሳት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እስካሁን አንድ እንኳ ልቤን ያረካ ፎቶ አላገኘሁም። የማጀቷ ግድግዳ በጭስ የጠቆረ ጭቃ ነው፤ ከኋላ በኩል በር፣ ከፊት ለፊቷ ትንሽ መስኮት አለ። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ምጣዱን ስትነቀንቀው ጭሱ ከሻሿ በላይ እየተጠማዘዘ እንደ ክር ይወጣል። በዓይኔ እንዲህ ነው የማየው፤ ፎቶው ላይ ግን የለም።

በሩን ከኋላዋ አድርጌ ሳነሳ ፊቷ ከሰል ይሆናል። በፍላሽ ሳነሳ ፊቷ ይነጣል፣ ጭሱ ድራሹ ይጠፋል። ያለ ፍላሽ በአውቶ ሳደርገው ደግሞ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400 ይደርስና ፊቷ ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል፤ ነጩ ሻሿም ተቃጥሎ (ብርሃን በዝቶበት ነጭ ብቻ ሆኖ) ጠርዙ ላይ ያለው ጥልፍ አይለይም። ካሜራዬ ያገለገለ ካነን 600ዲ ነው፣ ሌንሱ አብሮት የሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር። ባለ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ የሚያውሰኝ ጓደኛ አለ። በ30 በ45 ሳንቲሜትር አሳትሜ ሳሎኗ ውስጥ ልሰቅልላት ነው የምፈልገው። የት ጋ ነው የምሳሳተው?

የሠርግ ካሜራ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን የፊት መስኮት በብርድ ልብስ ሸፍኚው። ጭስ ጎልቶ የሚታየው ብርሃኑ ከኋላው ወይም ከጎኑ ሲመታውና ከጀርባው ጨለማ ሲኖር ነው። ከፊት የሚመጣ ብርሃን ጭሱንም ግድግዳውንም አንድ ላይ ስለሚያበራ ጭሱ ይዋጣል፤ ፍላሽሽም ያጠፋብሽ ለዚህ ነው። በርጩማዋን ትንሽ አዙሪላትና በሩ ከትከሻዋ ኋላ ወደ ጎን ይሁን። በሩ ራሱ ግን ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ። የጠቆረውን ግድግዳ እንዳትንቂው፤ እኛ ስቱዲዮ ውስጥ ጥቁር ጨርቅ ገዝተን የምንሰቅለው እኮ እሱን ለማግኘት ነው።

ሌንስ ወዳድ፦
50ውን ዛሬውኑ ተዋሺ። 18-55ቱ 55 ላይ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ኤፍ 1.8 ከዚያ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ስለሚያስገባ፣ 6400 ያልሽው አይኤስኦ ወደ 640 ይወርዳል። እስከ መጨረሻው ግን አትክፈቺው፤ ዓይኗ ጠርቶ እጇ ይደበዝዝብሻል። ኤፍ 2.2 ወይም 2.8 ይሻላል። 600ዲ ላይ 50 ሚሊሜትር ሌንስ እንደ 80 አጥብቦ ስለሚያሳይ፣ እሷንም ምጣዱንም ለማስገባት ሁለት ሜትር ተኩል ያህል መራቅ ይኖርብሻል። ማጀቱ ይበቃል? ለኅትመቱ አትስጊ፣ 18 ሜጋፒክስሉ ለ30 በ45 ይበቃል።

የድሮው ጨለማ ክፍል፦
ልጄ፣ እኔ በፊልም ዘመን የሠራሁ ሰው ነኝ። የካሜራ መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ እንዲያመጣ ነው የተሠራው። ጥቁር ግድግዳ ሲበዛበት «ጨልሟል» ብሎ ብርሃን ይጨምራል፣ ሻሿ ይቃጠላል። በሩ ሲገባበት ደግሞ «በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፣ ፊቷ ይጠቁራል። ሁለቱም ጥፋት የመጣው ከዚሁ ነው። ስለዚህ መደወያውን ኤም (በእጅ ማስተካከያው) ላይ አድርጊና አንቺ ወስኚ። በኔጌቲቭ ፊልም የምንሳሳለት ለጥላው ነበር፤ በዲጂታል ግን ለነጩ ሳሺ፣ ከተቃጠለ አይመለስም። አንድ አንሺና መረጃው በሚወጣበት ገጽ እዪው። ሻሿ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ካለ ተቃጥሏል ማለት ነው፤ ጥልፉን እስኪለቅ ድረስ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) አፍጥኚ። በሮው (ካሜራው ባልጨመቀው ጥሬ ፋይል) ካነሳሽ ጥላውን በኋላ ትንሽ ከፍ ማድረግ ትችያለሽ።

ስለ ፊቷ ግን አደራ የምልሽ አለ። የጠይም ሰው ፊት ሲጨልምባቸው በኮምፒውተር የሚያነጡት ብዙ ናቸው፤ ቆዳው አመድ ይመስላል፣ ያማል ሳየው። ጠይም ፊት ቅርጹ የሚወጣው በወዙ ነው፤ ጉንጯ ላይ፣ ግንባሯ ላይ፣ አፍንጫዋ ዳር በሚያርፈው ብርሃን። ያንን የሚሰጥሽ ሰፊ ነጭ ነገር ነው። ከሂርማታ መርካቶ ሁለት ሜትር አቡጀዲ ግዢ፣ ከበሩ ትይዩ፣ ከፊቷ አንድ ሜትር ራቅ አድርገሽ ወንበር ላይ አንጠልጥይው። የማሊው፣ የባማኮው ፎቶ አንሺ ሰይዱ ኬይታ እኮ ዛሬ በየሙዚየሙ የሚታዩትን ፎቶዎች ግቢው ውስጥ በቀን ብርሃን ነው ያነሳቸው፤ መጀመሪያ ላይ መጋረጃ ያደረገውም የገዛ አልጋ ልብሱን ነበር።

ከአጋሮ፦
ቡናውን ስሚው። ጭሱ የሚወፍረው ቡናው መንጣጣት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ሃምሳ ፎቶ ብታነሺ ድካም ነው። ካሜራሽንም ከበርጩማዋ ከፍታ ጋር አስተካክይው። ቆመሽ ወደ ታች ካነሳሻት አኮ ታንሳለች፣ ከጭሱም ጀርባ ያለው ወለሉ እንጂ ጥቁሩ ግድግዳ አይሆንም። ሌላ በር ካለ ዝጊው፣ ነፋስ ከገባ ክሩ ይበተናል።

ሹተሩን እኔ 1/30 ሴኮንድ አደርገው ነበር። ምጣዱን የምትነቀንቀው እጇ ቢደበዝዝ ፎቶው ይንቀሳቀሳል።

የሠርግ ካሜራ፦
ይቅርታ፣ በዚህ አልስማማም። በ1/30 ጭሱም አብሮ ይሟሟል፣ እሷ የፈለገችው ደግሞ ክሩን ነው። 1/125። የእጁን ለሌላ ቀን።

ከአጋሮ፦
እሺ፣ ለክሩ 1/125 ይሁን። አንድ ነገር ልጨምር፦ የቡና ጭስ ቅባት አለው፣ ሌንሱ ላይ ይቀመጣል። ማጣሪያ መስታወት ግጠሚበትና ስትጨርሺ ጥረጊው። የእኛ አገር እርጥበት ደግሞ ሌንስ ያሻግታል። እኔ በቆዳ ቦርሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥኩት ሌንስ በአንድ ክረምት ውስጡ ድር አውጥቶ ጠበቀኝ። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ፣ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጥቂት ጨምረሽ አስቀምጪው።

የጅሬን ልጅ (ጠያቂ)፦
ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሞከርኩት። መስኮቱን ስሸፍን አኮ «ቤቴን ምን አደረግሽው?» አለችኝ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፎቶ ሳሳያት ግን አቡጀዲውን ራሷ አስተካከለችልኝ። ኤፍ 2.2፣ 1/125፣ አይኤስኦ 800። ሲንጣጣ ጠብቄ አነሳሁ። ጭሱ ከምጣዱ ተነስቶ ትከሻዋ ጋ ሲደርስ ብርሃኑ ያገኘዋል፣ ከዚያ በላይ ሁለት ክር ሆኖ ይሄዳል። የሻሿ ጥልፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ግራ ጉንጯ ላይ ወዙ አለ፤ ጋሼ እንዳሉት ምንም አላነጣሁትም። እግዜር ይስጥልኝ።

የቀረኝ ሙቀጫው ነው። ስትወቅጥ አጎንብሳ ስለሆነ ፊቷ ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ይገባል፤ አቡጀዲውን ወንበሩ ላይ ባንጠለጥለውም አይደርስላትም። የት ላድርገው?

የድሮው ጨለማ ክፍል፦
መሬት ላይ አንጥፊው፣ ሙቀጫውን ከጠርዙ ወዲያ አስቀምጪ። የምታየው ወደ ታች ስለሆነ ብርሃኑም ከታች ይመለስላታል። ከፎቶው ጠርዝ እንዳይታይ ብቻ ጠጋ ብለሽ አንሺ።