የጨው ፑል ላላችሁ፣ ከሸዋ ሮቢት፦ ምን ልግዛ፣ ማንን ልጥራ

ሰላም ቤተሰብ። የጨው ፑል የምለው ክሎሪኑን በማሽን ከጨው የሚያመርት የመዋኛ ገንዳ ነው። ሰሞኑን ከአጣዬ አንዲት እህቴ “የጨው ፑላችን አረንጓዴ ሆነብን፣ የአልጌ መድሃኒት የት ነው የማገኘው” ብላ ጠይቃኝ ነበር፣ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ እዚሁ ልመልስላት። እኔ ሸዋ ሮቢት ላይ የእንግዳ ማረፊያ ፑል ስይዝ አራተኛ ዓመቴ ነው። እህቴ፣ መድሃኒቱን ለጊዜው ተይውና መጀመሪያ የክሎሪን መለኪያ ግዢ፣ አልጌው የሚመጣው ክሎሪኑ ሲያንስ ነው።

ብዙ ሰው ጨው ካለ ክሎሪን አለ ይላል፣ እኔም እንደዛ ነበር የሚመስለኝ። ክሎሪኑን ከጨው የሚያወጣው ሴሉ (ውሃው የሚያልፍበት የማሽኑ ክፍል) ነው፣ ሴሉ ደግሞ መብራት ኖሮ ፓምፑ ውሃ ካልገፋለት ምንም አያመርትም። አምና ሚያዝያ ላይ መብራት ሁለት ቀን ጠፋ፣ ጀነሬተሩን ለክፍሎቹ ብቻ ነበር ያስነሳነው፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት መሰላሉ ስር ግድግዳውን ስዳብሰው ሙልጭልጭ አለብኝ፣ ውሃው ከላይ ሲያዩት ጥርት ያለ ነው ግን ጥጉ ላይ አረንጓዴ ነገር ይዟል፣ ናሙና ቀድቼ ጠብታውን ስጨምርበት ጭራሽ ቀለም አልያዘም፣ ዜሮ። የሮቢትን ፀሐይ ታውቋታላችሁ፣ ስታቢላይዘር (ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚጠብቀው ሳያኑሪክ አሲድ) የሌለው ውሃ ላይ ክሎሪኑን አብዛኛውን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነው የምትጨርሰው።

እና ከመለኪያ ልጀምር። የወረቀቱ ስትሪፕ ርካሽ ነው ግን እርጥበት ከገባበት ይዋሻል፣ ቢጫ የሚያደርገው ጠብታ ደግሞ የሞተውንም የሚሰራውንም ክሎሪን ደምሮ ነው የሚያሳየው። እኔ የምጠቁመው ሮዝ ቀለም የሚሰጠውን፣ ዲፒዲ የሚባለውን ነው፣ የሚሰራውን ክሎሪን ለብቻው ይነግራችኋል። ስታቢላይዘር የሚለካ ያለበትን ኪት ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ለጨው ፑል ስታቢላይዘሩ ከ60 እስከ 80 ፒፒኤም (ሚሊግራም በሊትር፣ የክሎሪኑም ቁጥር በዚሁ ነው)፣ ክሎሪኑ ደግሞ ከስታቢላይዘሩ 5 በመቶ በታች እንዳይወርድ፣ ማለትም ስታቢላይዘሩ 60 ከሆነ ክሎሪኑ ቢያንስ 3። ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.8። የጨው ፑል ፒኤች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ሴሉ የሚያወጣው የሃይድሮጅን አረፋ ነው ከፍ የሚያደርገው፣ ስለዚህ በሳምንት ሁለቴ ለኩ።

ጨው፦ አብዛኛው ማሽን በሊትር 3 ግራም ምናምን ይፈልጋል፣ የኛ ፑል 75 ሺህ ሊትር ስለሆነ መጀመሪያ ስንሞላው 240 ኪሎ ገብቶበታል። የአፍዴራ ጨው ይሆናል ወይ ለምትሉ፣ አዮዲን ያልገባበትና የታጠበ ካገኛችሁ አዎ። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ እፍኝ በብርጭቆ ውሃ አሟሙታችሁ አስቀምጡት፣ ታች አፈር ከዘቀጠ እሱን ጨው ፑል ውስጥ አትክተቱ። ደግሞ አልጌ በመጣ ቁጥር ጨው የሚጨምር ሰው አይቻለሁ፣ ጨው በትነት አይሄድም፣ ውሃው ራሱ ከፑሉ ሲወጣ ነው የሚቀንሰው፣ ለምሳሌ ባክዋሽ ስታደርጉ (ፊልተሩን በግልባጭ ውሃ ስታጥቡ) ወይም ውሃ ሲረጭ።

ለመጠባበቂያ ኤችቲኤች (ካልሲየም ሃይፖክሎራይት፣ ደረቁ ክሎሪን) ነው ወይስ በረኪና? ሁለቱም ይሰራል። 65 በመቶ የሆነው ኤችቲኤች ለኛ ፑል 115 ግራም ክሎሪኑን በ1 ከፍ ያደርገዋል፣ 5 በመቶ በረኪና ከሆነ ደግሞ አንድ ሊትር ተኩል። ኤችቲኤች ካልሲየም ይጨምራል፣ የጉድጓድ ውሃችን ደግሞ እንደው ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ የሚያስይዝ ነው፣ ሴሉም ላይ ይጋገራል፣ ስለዚህ ለትንሽ ለትንሹ ሽታ የሌለው በረኪና፣ ለትልቁ ጊዜ ኤችቲኤች እላለሁ። የክሎሪን ታብሌቱን (ትራይክሎር) ስታቢላይዘር ስለሚጨምር ሁልጊዜ መጠቀም አይመከርም። ኤችቲኤችና ታብሌቱን በአንድ ባልዲ እንዳትቀላቅሉ፣ እሳት ይነሳል፣ በረኪናና አሲድም እንደዛው፣ መርዛማ ጋዝ ነው የሚወጣው። እባካችሁ።

አረንጓዴ ለሆነበት፦ ፒኤቹን ወደ 7.2 አውርዱ፣ ግድግዳውንና ደረጃውን በብሩሽ በደንብ ፈትጉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ኤችቲኤቹን በባልዲ ውሃ አሟሙታችሁ ዙሪያውን ጨምሩ፣ ክሎሪኑ የስታቢላይዘሩን 40 በመቶ ያህል ይድረስ (60 ከሆነ 24) እና ውሃው እስኪጠራ እዛው ላይ ያዙት፣ ፓምፑ ሌት ተቀን ይስራ፣ ፊልተሩን ባክዋሽ። ክሎሪኑ እስኪወርድ ድረስ ሰው አይግባበት። እኛ ሦስት ቀን ፈጀብን። ማታ ለክታችሁ ንጋት ላይ ስትለኩ ክሎሪኑ ከ1 በላይ ካልቀነሰ አልጌው ሞቷል ማለት ነው።

ሰማያዊውን የመዳብ መድሃኒት አልወደውም፣ ግድግዳ ያበላሻል ፀጉርም አረንጓዴ ያደርጋል። የግድ ከፈለጋችሁ ፖሊኳት 60 (መዳብ የሌለው የአልጌ መድሃኒት) ይሻላል፣ እሱም ለመከላከል እንጂ ለመጥረግ አይደለም።

ባለሙያ፦ ከአዲስ አበባ በወር አንዴ የሚመጣ ሰው ይዘን ነበር፣ ሳይለካ አንድ ጀሪካን ሰማያዊ ነገር ገልብጦ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ፣ በሳምንቱ ተመልሶ አረንጓዴ። አሁን የሰፈሩን አንድ ልጅ አሰልጥነን በየቀኑ ይለካል ደብተር ላይ ይጽፋል፣ ከወር ኮንትራት በብዙ እጥፍ ይሻላል። ሴሉንም እሱ ነው የሚያጥበው፣ ቀለል ያለውን በአቼቶ፣ የጠነከረውን አንድ እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አራት እጅ ውሃ ላይ ጨምሮ (ውሃውን አሲዱ ላይ አይደለም!)፣ በብረት አትፋቁት፣ ሽፋኑ ከተላጠ ሴሉ አበቃለት። ከሩቅ ባለሙያ የምትጠሩት ለኤሌክትሪኩና ለፓምፑ ይሁን፣ ኤርዙን (ወደ መሬት የሚሄደውን የኤሌክትሪክ መከላከያ ሽቦ) ሳታስፈትሹ ሰው ፑሉ ውስጥ እንዳይገባ።

ደብረ ብርሃን ላላችሁ ደግሞ፣ ውሃው ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ብዙው ማሽን ማምረት ይቀንሳል ወይ ያቆማል፣ ተበላሸ ብላችሁ አዲስ እንዳትገዙ፣ በብርዱ ወቅት በረኪና በእጅ ጨምሩ።

እህቴ፣ ክሎሪኑን ፒኤቹንና ስታቢላይዘሩን ለክተሽ የፑሉን ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀት ጨምረሽ ጻፊልኝ፣ ኤችቲኤቹን ስንት ግራም እንደሆነ አሰላልሻለሁ።