ለማርገዝ ስንዘጋጅ ክብደትና አመጋገብ ምን ያህል ይወስናሉ?

የሰኔ ልጅ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ልጅ ለመውለድ መሞከር ከጀመርን ከዓመት በላይ ሆኖናል። ዕድሜዬ 33፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ58፣ ክብደቴ ደግሞ 79 ኪሎ ነው። የወር አበባዬ ከድሮ ጀምሮ የተስተካከለ አልነበረም፤ አንዳንዴ በ40 ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ወር አልፎት ይመጣል። በቅርቡ የሄድኩበት ክሊኒክ ያዩኝ ሐኪም ሚዛን ላይ ካወጡኝ በኋላ «መጀመሪያ ክብደት ቀንሺና ተመለሽ» ብለው ያለ ምንም ምርመራ ሸኙኝ፤ ምን ያህል፣ በምን ያህል ጊዜና እንዴት ልቀንስ የሚለውን ግን አልነገሩኝም።

ግራ የገባኝ ነገር ከእኔ የሚበልጥ ውፍረት ያላቸው የአክስቴ ልጆች ባገቡ በዓመታቸው መውለዳቸው ነው። ሁዳዴም ሊገባ ነው፤ ጾሙን የማላጓድል ሰው ነኝ፣ ሆኖም ፋሲካ ሲደርስ ኪሎዬን ቀንሶ ሳይሆን ጨምሮ አገኘዋለሁ። ውፍረት በእርግጥ መፀነስን ይከለክላል ወይ? ጾሙስ ይጎዳኝ ይሆን? ባለቤቴ ቀጭን ስለሆነ ጉዳዩ እሱን እንደማይመለከተው ያምናል፤ ዘመዶች ደግሞ ጥቁር አዝሙድ በማር እንድወስድ ይመክሩኛል። የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ሐዋሳ

እህቴ፣ ከጻፉት ውስጥ የእኔን ትኩረት የሳበው ኪሎዎ ሳይሆን የወር አበባዎ በ40 ቀንና ከሁለት ወር በኋላ መምጣቱ ነው። ክብደት መፀነስን የሚያውከው በዋናነት እንቁላል በየወሩ በጊዜዋ እንዳትለቀቅ በማድረግ ነው። በሰውነታችን ያለው ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ክምችት አይደለም፤ ሌሎች ሆርሞኖችን ኤስትሮጅን ወደሚባለው የሴት ሆርሞን ይለውጣል፣ ሲበዛም ሰውነት የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክማል። ኢንሱሊን ከፍ ሲል ደግሞ ኦቫሪዎች (እንቁላል የሚያመርቱት አካላት) የወንድ የሚባሉትን ሆርሞኖች አብዝተው እንዲያመርቱ ስለሚገፋፋቸው እንቁላሏ መብሰል ጀምራ መንገድ ላይ ትቀራለች። የአክስትዎ ልጆች ወፍራም ሆነው ቶሎ የወለዱት እንቁላል የመልቀቅ ሥርዓታቸው ስላልታወከ ሊሆን ይችላል። ብዙ ወፍራም ሴቶች ያለ ችግር ያረግዛሉና ውፍረት ብቻውን በር አይዘጋም።

ክብደትዎ በቁመትዎ ካሬ ሲካፈል 31.6 ይመጣል። ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው ጤናማ የሚባለው ሲሆን፣ ከ30 በላይ ያለው ከልክ ያለፈ ውፍረት ተብሎ ይመደባል። ይህ ቁጥር ከተዛባው የወር አበባ ጋር ሲደመር በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለውን የሆርሞን መዛባት ነው። አገጭዎ ላይ ፀጉር ይበቅላል? የማይለቅ ብጉር አለብዎት? ይሁን እንጂ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞን ችግርም ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው፣ የሁለቱም ደም ምርመራ፣ የስኳር ምርመራና አልትራሳውንድ ሳይሠራ «ክብደት ነው» ብሎ መደምደም ተገቢ አይደለም።

የሚቀንሱት መጠን የሚያስፈራ አይደለም። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ያለባቸው ሴቶች ከክብደታቸው ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲቀንሱ በብዙዎቹ ላይ የወር አበባው ይስተካከላል፤ ለእርስዎ ይህ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ በቂ ነው። «ቀንሰሽ ተመለሽ» የሚለውን ምክር ግን እንደ ሕክምና አልቆጥረውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ልጅ ያላገኙ ወፍራም ሴቶችን በሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ ሕክምና ከመጀመራቸው በፊት ለ6 ወር ክብደት እንዲቀንሱ፣ ግማሾቹ ወዲያው ሕክምና እንዲጀምሩ አድርጎ ነበር። በመጀመሪያው ቡድን ያለ ሕክምና ያረገዙት በለጡ፤ ነገር ግን ጤናማ ልጅ በጊዜው በምጥ የወለዱት ከሁለተኛው ቡድን አልበለጡም። ስለዚህ ክብደት መቀነሱና ምርመራው ጎን ለጎን ይሂዱ። መቀነሱ በእርግዝና ወቅት የሚመጣውን የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ሥጋት ስለሚያቃልል በምንም መንገድ ኪሳራ የለውም።

ሩቅ አገር ያለሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ የእኔ ችግር የአንቺ ተቃራኒ ስለነበር ልጨምርበት። እኔ ክብደት የቀነስኩት «ጤናማ ልሁን» በሚል እየሮጥኩና ቁርስ እየዘለልኩ ሲሆን፣ ሰው ሁሉ ሲያደንቀኝ የወር አበባዬ ጠፋ። የኋላ ኋላ የተነገረኝ ነገር፣ የሚገባው ምግብ ከሚወጣው ጉልበት ጋር ሳይመጣጠን ሲቆይ አንጎል ለኦቫሪዎች የሚልከውን ትእዛዝ እንደሚያቆም ነው። ይህ ደግሞ በጣም ቀጭን ባልሆነች፣ ነገር ግን በአጭር ጊዜ ብዙ በቀነሰች ሴት ላይም ይደርሳል። ሩጫውን ቀንሼ፣ ምግቤን ጨምሬ ጥቂት ኪሎ ስመልስ የወር አበባዬ ያለ መድኃኒት ተመለሰ። ስለዚህ በችኮላ ራስሽን አታስርቢ።

እዚህ አሜሪካ ያሉ እህቶቻችን ዘንድ አሁን የተለመደው ክብደት ለመቀነስ የሚወጉት የኦዜምፒክ መርፌ ነው። የምትወስድ ካለች ለመፀነስ ከመሞከሯ ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድማ እንድታቆም ነው የሚመከረው፤ መርፌው ክብደት ሲቀንስ የጠፋ እንቁላል ሊመለስ ስለሚችል ሳያስቡት ያረገዙም አሉ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ጾሙን በተመለከተ፣ በሁዳዴ ክብደት መጨመሩ ብዙዎችን የሚያጋጥም ነገር ነው። ሥጋና ቅቤ ቢቀሩም ቦታቸውን ዘይት፣ ዳቦ፣ ሳምቡሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ይወስዱታል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ለሁለት ሰው ሽሮ ሲሠራ ዘይቱ ከጠርሙሱ እንደመጣ የሚቀዳ ከሆነ ሦስትና አራት ማንኪያ መግባቱ አይታወቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በአንድ ማዕድ ሁለት እንጀራ መጨረስም የተለመደ ነው። ዘይቱን በማንኪያ እየለኩ ይጨምሩ፤ ከትሪው ግማሹን ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና ሰላጣ ይያዘው፣ ምስርና ሽሮው ቀጥሎ ይምጣ፣ እንጀራው ይቀንስ። በቂ እስከበሉ ድረስ የጾም ምግብ በራሱ እንቁላል አያስቀርም፤ የሚያሳስበኝ ቀጭን ሆና ቀኑን ሙሉ ሳትበላ ውላ ማታ ጥቂት የምትቀምሰው ሴት ናት።

ሁለት ነገሮች ግን ከማዕዱ ውጪ መታሰብ አለባቸው። የመጀመሪያው ፎሊክ አሲድ ነው፦ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከማርገዝ በፊት ቢያንስ ከአንድ ወር ጀምሮ። የሕፃኑ ህብለ ሰረሰር የሚዘጋው በፀነሱ በአራት ሳምንት ውስጥ፣ ማለትም ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ስለሆነ፣ ካረገዙ በኋላ መጀመር ይዘገያል። በአገራችን ህብለ ሰረሰራቸው በአግባቡ ሳይዘጋ የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ከፍተኛ መሆኑ በጥናቶች ታይቷልና፣ አንድ ነገር ብቻ አድርጊ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። የስኳር ሕመም ያለባት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ወይም ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ሴት ከዚህ ከፍ ያለ መጠን ስለሚያስፈልጋት ሐኪም ይወስንላት፤ የእርስዎም ክብደት በቁመት ካሬ ሲካፈል ከ30 በላይ ስለሆነ መጠኑን ይጠይቁ። ሁለተኛው ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከአትክልት አይገኝም። የ55ቱ ቀን ጾም ብቻውን የሰውነትን ክምችት አይጨርስም፤ ዓመቱን ሙሉ አጽዋማቱን፣ ረቡዕና ዓርብን የምትጾም ግን መጠኑን ብታስመረምር መልካም ነው።

የጤፉና የምስሩ ብረት በደንብ እንዲዋጥ ሎሚ ወይም ቲማቲም አብሮ ይብሉ፤ ቡናውን ከምግቡ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው፣ ከሁለት ሲኒ ሳያሳልፉ ይጠጡ። ፋሲካ ሲመጣ ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ይቅርብዎት፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ ገና በጀመረ እርግዝና ላይ አደገኛ ነው። ጥቁር አዝሙድ በምግብ መጠን ቢወስዱት የሚከለክል የለም፤ እንቁላል ያስለቅቃል ብሎ ምርመራን ማዘግየት ግን ጊዜ ማባከን ነው። ሐኪም ምግብ እንዲቀይሩ ካዘዘዎት ደግሞ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለሕመምተኛ የሚፈቀድበት ሥርዓት አለ።

አባወራው፣ ድሬዳዋ

ባለቤትዎ ቀጭን መሆናቸው ስለ ዘር ፍሬያቸው የሚናገረው ነገር የለም። ልጅ ካላገኙ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ድርሻ አለበት። ምርመራው ቀላል ነው፦ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙናውን መስጠት፣ ቤት ከተወሰደም በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ማድረስ። እኔም እንደ እርሳቸው ተሟግቼ ነበር፤ እኛ ወንዶች ይህን ምርመራ ስንሸሽ ሚስቶቻችን የማያስፈልጋቸውን መድኃኒት ይውጣሉ። ሲጋራ፣ መጠጥና ውፍረት የዘሩን ጥራት ያወርዳሉ፤ ጂም ውስጥ ጡንቻ ለማፈርጠም የሚወጉት ቴስቶስትሮን ደግሞ የዘር ምርቱን ጨርሶ ሊያቆመው ይችላል። አንድ የዘር ፍሬ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ፣ ዛሬ የተተወ ሱስ ውጤቱ የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

የሰኔ ልጅ፣ አዲስ አበባ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አገጬ ላይ ፀጉር አለ፤ ከእርግዝና ጋር ይያያዛል ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። ባለቤቴም መልሶቹን አንብቦ ሊመረመር ተስማምቷል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ አራቱን ኪሎ እስክቀንስ ልጠብቅ ወይስ አሁኑኑ ልሂድ? ከፋርማሲ የሚሸጠውን የእንቁላል መመርመሪያስ ልግዛ?

ጠቅላላ ሐኪም፣ ሐዋሳ

አሁኑኑ ይሂዱ። ከ35 ዓመት በታች ላለች ሴት ምርመራ የሚጀመረው ከ12 ወር ሙከራ በኋላ ነው፤ እርስዎ ይህን አልፈዋል፣ የወር አበባዎ የተዛባ ስለሆነም ከዚያ በፊት መጀመር ይገባዎት ነበር። እንቁላል አለመልቀቅ ከተረጋገጠ ለፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ቀድሞ የሚታዘዘው ሌትሮዞል የሚባል እንክብል ነው። የማህፀን ቱቦዎችዎ ክፍት መሆናቸውም በኤክስሬይ ይታይ፤ ቀድሞ በነበረ ኢንፌክሽን የተዘጋ ቱቦን የትኛውም አመጋገብ አይከፍተውም። ጉዳዩ ከዚያ ካለፈ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ።

መመርመሪያውን አይግዙ፤ በፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ላይ መመርመሪያው የሚለካው ሆርሞን እንቁላል ሳይለቀቅም ከፍ ስለሚል «ዛሬ ነው» ብሎ ሊያታልልዎት ይችላል። ይልቅ የሚያስታውሷቸውን የወር አበባ መጀመሪያ ቀኖች በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ አንዳንዶቹ የሆርሞን ምርመራዎች የወር አበባ በመጣ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ስለሚሠሩ፣ ቀጠሮ ሲይዙ ይህን አስቀድመው ይጠይቁ።