«አንከር» እዚህ ላይ መልሕቅ ነው ወይስ ባሕታዊ?

ተርጓሚው፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ መስመር ላይ ከተያዝኩ ሳምንት ሆነኝ። የሼክስፒር ሐምሌት ላይ በቴአትሩ ውስጥ ሌላ ቴአትር ይታያል አይደል? እዚያ ንግሥቲቱ ባሏ ቢሞት ሌላ ላታገባ ትምላለች። ከመሐላዋ አንዱ መስመር «አን አንከርስ ቺር ኢን ፕሪዝን ቢ ማይ ስኮፕ» ይላል። «አንከር»ን መልሕቅ ብዬ ስጽፈው «በእስር ቤት የመልሕቅ ደስታ ወሰኔ ይሁን» ሆነብኝ። መልሕቅ ምን ደስታ አለው? እስር ቤትስ ምን ሊሠራ ገባ? ሁለት ነገር ልጠይቅ። «አንከር» እዚህ ምንድን ነው? «ቺር»ንስ ምን ልበለው? ለመድረክ ስለሆነ ለተዋናይዋ አፍ የሚመች ቃል ነው የምፈልገው።

የዲማ ልጅ፦
መልሕቅ ትክክል ነው ወንድሜ፣ አትጠራጠር። ዕብራውያን 6፥19 ተስፋን «እንደ ነፍስ መልሕቅ» ይለዋል። ንግሥቲቱም ከዚህ በፊት ባለው መስመር እምነቴና ተስፋዬ ይጨልም እያለች ነው። ተስፋ ባለበት መልሕቅ ቢመጣ ምን ይገርማል? ቃሉም ራሱ «ልህቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ልሂቅ ማለት ታላቅ፣ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ አገር ያጸናል፣ መልሕቅ መርከብ ያጸናል።

ሐመሩ፦
የዲማ ልጅ፣ ምሳሌው ያምራል፤ ሥሩ ግን አይሆንም። «ልህቀ» በሃሌታው ሀ ነው። መልሕቅ በሐመሩ ሐ ነው። ሐመር በግዕዝ መርከብ መሆኑን ለማን ልንገር? የመርከቡ ፊደል ከመርከቡ ዕቃ ጋር ነው የሄደው። ባሕርም በዚሁ ሐ ነው።

የዲማ ልጅ፦
ፊደል ለይተን ነው ቅኔ ቤት የገባነው፣ ይመስገነው። ግን አንተም ብራና አይተሃል። ጸሐፊዎች ሀ እና ሐን ሲያቀያይሩ ኖረዋል። በአጻጻፍ ብቻ ሥር አይቆረጥም። ደግሞ ሐመር ስላለ መልሕቅ በሐ ሆነ ማለት ሥር መቁጠር አይደለም፣ አጋጣሚ ነው።

ሐመሩ፦
ስለ አጋጣሚው እቀበላለሁ። በሃሌታው ይጻፍ የሚለውን ግን አልቀበልም።

የአሰብ ባሕረኛ፦
እኔ ግዕዝ አልተማርኩም። መርከብ ላይ ግን ኖሬያለሁ። የገረመኝ ማንም «ስኮፕ»ን አለማየቱ ነው። እኛ ዘንድ ስኮፕ ማለት የተለቀቀው ሰንሰለት ከውኃው ጥልቀት ጋር ሲነጻጸር ነው። ሰው መርከቡን የሚይዘው የብረቱ ክብደት ይመስለዋል። አይደለም። ሰንሰለቱ መሬት ላይ ተኝቶ መልሕቁን ወደ ጎን ሲስበው ነው ጥርሱ የሚነክሰው። ሰንሰለቱ ካጠረ ወደ ላይ ይስበዋል፣ ይነቀላል። ስለዚህ 20 ሜትር ውኃ ላይ 4 ሻክል እንለቃለን። አንዱ ሻክል 27.5 ሜትር ስለሆነ 110 ሜትር ይሆናል። አሁን መስመሩን ድገሙት። አንከርም አለ፣ ስኮፕም አለ። ይሄ ሰው የባሕር ቋንቋ ነው የሚያወራው። ሴትየዋ «ሰንሰለቴ እዚህ ድረስ ብቻ ነው» እያለች ነው።

ተርጓሚው፦
ጋሼ፣ ይሄ በጣም ያምራል። ግን «ቺር»ስ?

የጣና ዳር፦
እኛ ጋ ታንኳ መልሕቅ የለውም። ደንገል ስለሆነ ውኃ ይጠጣል፤ ከውኃ አውጥተን ፀሐይ ላይ እናደርቀዋለን። ለዚህ ይሆናል መልሕቅ የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ እንጂ ከሰው አፍ የማልሰማው። ሐዋርያት ሥራ 27 ላይ አራት መልሕቅ ጥለው እንዲነጋ የተመኙት ሰዎች ናቸው ያስተማሩኝ።

ማኅቶት፦
እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። «አንከር» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። ዘመዳሞች አይደሉም። አንደኛው የመርከቡ ነው። ግሪኩ «አንኩራ» ይለዋል፣ ቆልማማ ማለት ነው። በላቲን «አንኮራ» ሆኖ እንግሊዝ ገባ። ሁለተኛው ከግሪኩ «አናኮሬዮ» ይመጣል፤ ፈቀቅ አለ፣ ገለል አለ ማለት ነው። ዮሐንስ 6፥15 ጌታ ሊያነግሡት ሲመጡ ብቻውን ወደ ተራራ ፈቀቅ አለ የሚለው ላይ ግሪኩ ይሄንኑ ግሥ ነው የተጠቀመው። ከዚህ የወጣው «አንከር» ከሰው የተለየ ባሕታዊ ነው። ዛሬ እንግሊዞች ረዘም አድርገው «አንከራይት» ይሉታል። በዚያ ዘመን ግን አጭሩም ይሠራ ነበር። ስለዚህ ንግሥቲቱ የምትለው ባሕታዊ ነው። መልሕቅ የለም።

ሐመሩ፦
ተባረኪ እህቴ። እኛም ጋ እኮ ይሄው ስሕተት አለ። ባሕታዊ ከባሕር ወጣ፣ በሐይቅ ደሴት ስለሚኖር ነው የሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ። ዳጋ እስጢፋኖስን፣ ክብራን ገብርኤልን ይጠቅሳሉ። አይደለም። ከ«ባሕቲቱ» ነው፤ ብቻውን ማለት ነው። ማኅቶት የጠቀሰችው ጥቅስ ላይ ያለው «ብቻውን» ማለት ነው። እነሱም ብቸኛውን ሰው ከመርከብ ዕቃ ጋር አምታቱት፤ እኛም ብቸኛውን ሰው ከባሕር ጋር አምታታነው። ይሄ ነገር ልቤን ነካው።

ማኅቶት፦
ማምታታቱም ያረጀ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ለሴቶች ባሕታውያን በተጻፈ የሥርዓት መጽሐፍ ላይ፣ አንከር የተባለችው መልሕቅ ከመርከብ ሥር ሆኖ መርከቡን እንደሚይዝ እሷም ከቤተ ክርስቲያን ሥር ሆና ስለምትይዝ ነው ይላል። ሥሩ ስሕተት ነው። ስብከቱ ግን አያስደስትም?

የዲማ ልጅ፦
ይኸውላችሁ! እኔም ያልኩት ይሄን ነው። ቀደምት አባቶች ቃልን እንዲህ ነው የሚፈቱት። እናንተ ስሕተት የምትሉትን እኛ አንድምታ እንለዋለን።

ሐመሩ፦
አንድምታ ምሥጢር ይፈታል፤ ግሥ አይወልድም። ሁለቱን አትቀላቅል።

የአሰብ ባሕረኛ፦
ታዲያ ገጣሚው ሁለቱንም ቃል ያውቅ ከነበረ ሆን ብሎ ቢያደርገውስ? ሰምና ወርቅ የእኛ ብቻ ነው? ስኮፕን ማንም አልመለሰልኝም።

ማኅቶት፦
እሱን ማረጋገጥ አይቻልም ጋሼ። እዚያ ላይ ስኮፕ ወሰን፣ የምመኘው ሁሉ እዚህ ያብቃ ለማለት በቂ ነው። አንባቢ የባሕር ሰው ሲሆን ሰንሰለቱ ቢሰማው ግን አልከራከርም። በነገራችን ላይ ይሄ መስመር እ.ኤ.አ. በ1604 በወጣው እትም አለ፤ በ1623ቱ የለም። ተርጓሚው ከየትኛው እትም እንደሚሠራ ይወስን።

የሰኞ ገበያ፦
ልክ ባይሆንም ልጠይቅ። ቴሌቪዥን ላይ «አንከር» የሚሉት ዜና አንባቢስ ከባሕታዊው ነው?

ማኅቶት፦
አይ፣ እሱ የመርከቡ ነው። ፕሮግራሙን ይዞ የሚያቆም ለማለት ነው። በገመድ ጉተታ መጨረሻ ላይ ቆሞ ገመዱን የሚይዘውም፣ በዱላ ቅብብል መጨረሻ የሚሮጠውም አንከር ይባላሉ።

ወለተ ማርያም፦
ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ባሕታዊ የሚለው ለእኔ አይበቃም። የእኛ ባሕታዊ ዱር ይወርዳል፣ ከዋሻ ዋሻ ይዞራል፤ አንዳንዴ ከተማ ገብቶ ይገሥጻል። የእንግሊዙ ግን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ጋር በተያያዘች ጠባብ ክፍል ይዘጋበታል። እዚያው ይኖራል፣ እዚያው ይሞታል። ኖርዊች ከተማ የነበረችው ጁልያን እንዲህ ነው የኖረችው። በመስኮት ቅዳሴ ታያለች፣ በሌላ መስኮት ምክር የሚሹ ሰዎችን ታናግራለች። «ፕሪዝን» የተባለውም ያቺ ክፍል ናት። ለዚህ ግዕዝ ልኩን ቃል አስቀምጦልናል፦ ዝጉሐዊ። ዘግሐ ማለት ዘጋ ነው። ዝጉሐዊ በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ነው። ክፍሉንም እስር ቤት አትበለው፣ በዓት በለው።

ማኅቶት፦
ወለተ ማርያም፣ ሲዘጋባቸው የሙታን ጸሎት ይጸለይላቸው እንደነበር ታውቂያለሽ?

ወለተ ማርያም፦
የእኛም መነኩሴ ሲመነኩስ ፍትሐት ይደረግለታል እኮ። ለዚህ ነው ቃሉ ለንግሥቲቱ የሚስማማው። ባሌ ቢሞት እኔም በቁሜ የሞትኩ ልሁን እያለች ነው። ባሕታዊ ብትለው ይሄ ይጠፋል፤ ተመልካቹ ጠጉሩን ያጎፈረ፣ ሰንሰለት የታጠቀ ሰው ነው የሚታየው።

የዲማ ልጅ፦
እህቴ፣ ዝጉሐዊን አዳራሽ ውስጥ ማን ይረዳዋል? ባሕታዊን ሕፃን ያውቀዋል። መናኝም አለ።

ወለተ ማርያም፦
መናኝ ዓለምን የናቀ ነው። መውጣቱን ይናገራል፣ መዘጋቱን አይናገርም። ዝጉሐዊ ደግሞ «ዘጋ» ውስጡ ይሰማል፤ ያልተማረም ይደርስበታል።

ተርጓሚው፦
በጣም አመሰግናለሁ፤ ግን «ቺር» እስካሁን ሜዳ ላይ ነው።

ማኅቶት፦
ውይ፣ እውነትህን ነው። ደስታ አይደለም። እዚያ ላይ ምግብ፣ ማዕድ ማለት ነው። የባሕታዊ ምግብ፣ የጾመኛ ማዕድ።

የጣና ዳር፦
ቋርፍ በለዋ!

ወለተ ማርያም፦
ቋርፍ የዋልድባ ነው፣ ከሙዝ ሥር የሚሠራ። የዚህ የውስጠኛው ቴአትር ታሪክ ቦታ ቪየና ነው። ጥሬ ይበቃል፤ ጥሬ የማንም ባሕታዊ ነው።

የአሰብ ባሕረኛ፦
መልሕቁን ጨርሳችሁ ጣላችሁት ማለት ነው? ስንክሳር ላይ እኮ ኅዳር 29 የሚታሰበው ቀሌምንጦስ በአንገቱ መልሕቅ ታስሮ ነው ባሕር የተጣለው። መልሕቅና ቅዱስ እንዲህ የሩቅ አይደሉም።

የዲማ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።

ተርጓሚው፦
እስካሁን የደረስኩበት ይሄ ነው፦

«ባሌ ከሞተብኝ፣ ጨለማ በዓት ይሁን ወሰኔ፤
የዝጉሃዊ ጥሬ ይሁን ማዕዴ፣ እስኪያልቅ ዘመኔ።»

ጋሼ፣ ወሰኔ ያልኩት ሰንሰለቱን እያሰብኩ ነው። ማታ ተዋናይዋ ጮክ ብላ ታነብልኛለች። ዝጉሃዊ አፏ ላይ ካልገባ ባሕታዊ አደርገዋለሁ።

ወለተ ማርያም፦
እባክህ ሦስቴ ታንብበው። በመጀመሪያው አትተወው።

ሐመሩ፦
ዝጉሐዊ በሐመሩ ሐ ነው። በሃሌታው ጽፈኸዋል፤ ከመታተሙ በፊት አርመው።