ከሸሪኬ ጋር ተለያየን፤ ስማችንንና ድረ ገጹን ይዞ ቀረ

ዳገት ወጪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የተራራ የእግር ጉዞ እያዘጋጀን ስድስት ዓመት ሠራን። እኔ ተራራ ላይ፣ እሱ ኮምፒውተር ላይ። ቡድን ይዤ የምወጣው፣ ውሃ የት እንዳለ፣ ከፍታው ያመመው ሰው ሲኖር በየት በኩል ቶሎ እንደሚወረድ የማውቀው እኔ ነኝ። እሱ ኢሜይል ይመልሳል፣ ቀብድ ይቀበላል፣ ድረ ገጹን ያያል። ትርፉን እኩል እንካፈል ነበር። ውል የለንም። ጓደኛሞች ነን፣ ማን ውል ያስባል?

ባለፈው ወቅት ማለቂያ ላይ ሂሳቡን አሳየኝ አልኩት። "አታምነኝም ማለት ነው?" አለ። በዚያው ተኳረፍን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ኢሜይላችን ልገባ ብል የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል። ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ፣ የተመዘገበው በእሱ ስም ነው። ድረ ገጹ ላይ "ስለ እኛ" በሚለው ስር ሁለታችንም የቆምንበት ፎቶ ነበር፤ እኔን ቆርጦ አውጥቶኛል። እጄ ግን ትከሻው ላይ ቀርቷል። ጣቶቼ ይታያሉ። ያየ ሰው የማን እጅ ነው ብሎ ግራ ይጋባል።

የሚያበሽቀኝ ደግሞ የተራራዎቹን ፎቶዎች በሙሉ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ፣ እነሱን ግን አንዳቸውንም ከድረ ገጹ አላወጣቸውም። "ጋይዳችን ሌሊቱን ሙሉ እጄን ይዞ አወረደኝ" ብላ አንዲት ደንበኛ የጻፈችው አስተያየትም እዚያው አለ። ያወረድኳት እኔ ነኝ!

ስሙን ማስመለስ ይቻላል? ወይስ ሁሉንም ትቼ በአዲስ ስም ልጀምር?

ሰነድ ይናገር፦

ወንድሜ፣ የሌላችሁ የጽሑፍ ውል ነው። ሁለት ሰዎች አብረው ነግደው ትርፍ ከተካፈሉ ወረቀት ባይኖርም ሕጉ እንደ ሽርክና የሚያይበት አገር ብዙ ነው። የየአገሩ ይለያያልና የአገርህን ጠበቃ ጠይቅ። ለምሳሌ ያህል ግን እ.ኤ.አ. በ1890 የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የእንግሊዝ የሽርክና ሕግ የተለየ ስምምነት ከሌለ ትርፍም ካፒታልም እኩል ነው ይላል። የሂሳብ መዝገቡን ማየትና መገልበጥ የእያንዳንዱ ሸሪክ መብት ነው። ስለዚህ "አሳየኝ" ማለትህ አለማመን አይደለም። የሽርክናውን ስም ወይም ንብረት ያለ ሌላው ፈቃድ ተጠቅሞ ያገኘውንም ጥቅም ማካፈል አለበት። አንድ የማትወደውን ልንገርህ፦ በዚሁ ሕግ ሸሪክ "እኔ የበለጠ ለፍቻለሁ" ብሎ ደሞዝ መጠየቅ አይችልም፤ አስቀድማችሁ ካልተስማማችሁ በቀር። ተራራ የወጣኸው አንተ መሆንህ ድርሻህን አይጨምርልህም።

ዶሜይኑን በተመለከተ፣ የኢንተርኔት አድራሻ ስሞችን የሚያስተባብረው ድርጅት፣ አይካን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀው የክርክር መፍቻ ሥርዓት አለ፤ የዓለም የአእምሮ ንብረት ድርጅትም ይዳኝበታል። ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚመክርህ። ላንተ ግን የሚሆን አይመስለኝም። የንግድ ምልክት መብት እንዳለህ ማሳየት አለብህ፣ እሱ በስሙ ላይ ሕጋዊ ጥቅም እንደሌለው ማሳየት አለብህ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ስሙን ገና ሲያስመዘግብ ጀምሮ ክፉ ሐሳብ እንደነበረው። እሱ ያስመዘገበው ስትዋደዱ ነው። እንዲህ ዓይነት የሸሪኮች ጠብ ሲመጣም "ይሄ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው" ብለው የሚመልሱት ብዙ ጊዜ ነው። ይልቅ በየዓመቱ የዶሜይኑ ክፍያ ከየትኛው ሂሳብ እንደወጣ ደረሰኝ ፈልግ። ከጋራ ገንዘብ ከሆነ በማንም ስም ይመዝገብ፣ የጋራ ነው ብለህ ትከራከራለህ።

ፎቶዎቹ ቀላል ናቸው። የቅጂ መብት በመሠረቱ ያነሳው ሰው ነው፣ ምዝገባም አይፈልግም። ኦሪጅናል ፋይሎቹ ከነቀናቸው አሉህ? ስትሠሩ ግን እንዲጠቀምባቸው ፈቅደህ ነበር፣ ያንን ያነሳብሃል። የይለፍ ቃል እየገመትክ ለመግባት እንዳትሞክር ደግሞ አደራ። ከሳሽ ሆነህ ተከሳሽ ትሆናለህ።

ቀላል ጓዝ፦

እኔ ብሆን በአዲስ ስም እጀምር ነበር። ሰው የሚመጣው ለጋይዱ ነው። ጠበቃና ፍርድ ቤት ስትል ሁለት ወቅት ያልፍሃል።

የጓዳው ሸሪክ፦

እኔ ደግሞ የእሱ ቦታ ላይ የነበርኩ ሰው ነኝ። ሸሪኬ ተራራ ይወጣል፣ እኔ ቤት። ከሌላው የዓለም ጫፍ በእኩለ ሌሊት "ጉልበቴን ያመኛል፣ እችለው ይሆን?" ብሎ ለሚጽፍ ሰው አሥራ አንድ ኢሜይል የምመልሰው እኔ ነበርኩ፤ አሥራ አንዱን መልሼ ሲያበቃ ሰውየው ይቀራል። ሸሪኬ ፀሐይ መትቶት፣ በጉርሻ ኪሱ ሞልቶ ይመለስና "አንተማ ተቀምጠህ" ይለኛል። ጉርሻውን አንድ ቀን አካፍሎኝ አያውቅም። ሂሳብ አሳየኝ ሲለኝ አንጀቴ ያረረው ለዚህ ነው። የይለፍ ቃሉን መቀየሩ ነውር ነው፣ አልከራከርም። ግን የጻፍከውን ደግመህ አንብበው፤ እሱ የሠራው ሁሉ በአንድ መስመር አልቋል።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አልጠየቀህም። ለመጪው ወቅት ቀብድ የከፈለ ሰው አለ? የጭነት በቅሎ ባለቤቶቹስ፣ አብሳዩስ፣ ተከፍሏቸዋል?

ዳገት ወጪ፦

አመሰግናለሁ። ጉርሻውን አካፍዬው አላውቅም። አስቤውም አላውቅም፣ እውነቱን ለመናገር።

ሁለት ቡድን ቀብድ ከፍሏል፣ በጠቅላላው አሥራ አራት ሰው። ገንዘቡ እሱ ጋ ነው። ባለበቅሎዎቹ የመጨረሻው ጉዞ ቀሪ ሂሳብ አልደረሳቸውም፤ የሚደውሉት ደግሞ ለኔ ነው፣ እሱን አያውቁትማ። እስካሁን "እሱን ጠይቁት" እያልኩ ነው። እና... ድንኳኖቹና የመኝታ ከረጢቶቹ እኔ ቤት ናቸው። ሁሉም። ከተጣላን በኋላ ነው ያመጣኋቸው።

ሰነድ ይናገር፦

ይሄን መጀመሪያ ነበር የምትጽፈው! እሱ ድረ ገጹን ያዘ፣ አንተ ድንኳኑን። ዳኛ ፊት ሁለታችሁም የጋራ ንብረት ይዛችሁ ነው የምትቆሙት።

"እሱን ጠይቁት" የሚለውን ዛሬውኑ አቁም። በሽርክና ዕዳ ሁለቱም ሸሪኮች ይጠየቃሉ፤ ባለበቅሎው ማንኛችሁን እንደሚይዝ የሚመርጠው ራሱ ነው። ደንበኞቹም እንደዚያው፤ መለያየታችሁን እስካልነገርካቸው ድረስ ለእነሱ አሁንም ሸሪክ ነህ። እሱ ነገ አዲስ ቀብድ ቢቀበልና ጉዞው ቢቀር ስምህ ይነሳል። ፎቶህ መቆረጡ አያድንህም፣ እጅህ ሳይቀር አለ እኮ!

ስለዚህ ከስሙ በፊት የእነዚህ ሰዎች ነገር ይቅደም። ያለውን ዕቃ በዝርዝር ጻፍ፣ ድንኳኖቹን ፎቶ አንሳ። ከዚያ በጽሑፍ ላክለት፤ የተጀመሩትን ሁለት ጉዞዎች አብረን እንጨርስ፣ ባለበቅሎዎቹ ከዚያ ይከፈሉ፣ ሂሳቡን ሁለታችንም የማናውቀው ሰው ይይ፣ ስሙን ያኔ እንነጋገርበታለን በለው። ባይመልስ እንኳ መልእክቱ ማስረጃህ ነው። የድሮ የቻት መልእክቶቻችሁንም ስልክህ ሳይጠፋ ሌላ ቦታ አስቀምጥ።

ቀላል ጓዝ፦

እሺ፣ አሥራ አራት ሰው መኖሩን አላወቅኩም ነበር። ምክሬን አንስቻለሁ።

ዳገት ወጪ፦

ትናንት ማታ ላክሁለት። ስለ ጉርሻውም አንድ መስመር ጨመርኩ። አንብቦታል፣ ለረጅም ሰዓት ምንም አላለም። ዛሬ ጠዋት አንድ ፋይል ብቻ መጣ፣ ሰላምታ እንኳ የለውም። ከፈትኩት። የአሥራ አራቱ ሰዎች ስም፣ የሚደርሱበት ቀን፣ ከጎኑ ማን መድኃኒት እንደሚወስድና የማን ጉልበት እንደሚያም። ሦስተኛው መስመር ላይ "ይቺ ከፍታ ትፈራለች፣ ከኋላህ አስከትላት" ይላል። ከኋላህ ነው ያለው። ድንኳኖቹን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ዘርግቻቸዋለሁ፤ አንዱ ዚፑ ተበላሽቷል።