ያገለገለ ፒክአፕ 2.7 ሚሊዮን ብር ተጠየቅሁ፤ ልግዛ ወይስ በኪራይ ልቀጥል?

ጥያቄ፦ የመኖ ነጋዴዋ፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ የከብት መኖ ማከፋፈል ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ እየገዛሁ ደነባና እነዋሪ አካባቢ ለሚያደልቡ ገበሬዎች አደርሳለሁ። የጅሩን ሰንጋ የሚያውቅ ሰው ከገናና ከፋሲካ በፊት ያለው ወራት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እስካሁን የምሠራው በኪራይ ፒክአፕ ነው። ለአንድ ምልልስ 6 ሺህ ብር እከፍላለሁ፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ። ባለመኪናው የተሻለ ሥራ ሲያገኝ ግን ስልኩን ያጠፋል። ባለፈው ወር 10 ኩንታል ፋጉሎ በረንዳ ላይ ቆልዬ ሳድር ሌሊት ዘነበ፣ ሦስቱ ኩንታል ሻገተ። ገንዘቡን እኔው ተሸከምኩት፤ ይባስ ብሎ ደንበኛዬ የነበሩ አንድ አባት በሬያቸው ሁለት ቀን ጭድ ብቻ በልቶ ስለዋለ ወደ ሌላ ነጋዴ ሄዱ።

ስለዚህ የራሴን ልግዛ ብዬ ተነሣሁ። ደላላው ያሳየኝ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው፣ የ1999 ሞዴል በፈረንጅ፣ ዋጋው 2.7 ሚሊዮን። ይህንኑ ዓይነት መኪና በ2014 1.2 ሚሊዮን ሲሉኝ ተወዷል ብዬ የተውኩት ነው። ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል። በእጄ 1.9 ሚሊዮን አለ፤ የቀረውን ከእቁብና ከብድር እሞላለሁ።

የምጠይቃችሁ፦ በዚህ ዋጋ ያዋጣል? ሻርጃ ያለው ወንድሜ ከዚያ ገዝቶ ቢልክልኝ አይረክስም? የግድ ከገዛሁስ ምኑን ምኑን ልይ? እባካችሁ የደረሰባችሁን ንገሩኝ።

መልስ፦ የጭነት ሰው፣ አዳማ

እህቴ፣ ሻጋታው ልቤን ነክቶታል። ግን ከመኪናው በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አውጪ።

በወር 12 ምልልስ ነው፤ ኪራዩ 72 ሺህ ብር። የራስሽ ሲሆን ለናፍጣ በአንድ ምልልስ 2,800 ብር ብንይዝ 33,600 ይሆናል። ሾፌር 12 ሺህ። ለዘይት፣ ለፊልትሮ፣ ለጎማና ለፍሬን በየወሩ 9 ሺህ ብታስቀምጪ (ለአሮጌ መኪና ይህም ያንሳል) ድምሩ 54,600 ነው። የሚተርፍሽ 17,400 ብር። በዓመት 208,800። 2.7 ሚሊዮኑን ለመመለስ 13 ዓመት ሊወስድብሽ ነው፤ የብድሩን ወለድና ኢንሹራንሱን ሳልቆጥር።

እኔ ብሆን ሁለት ሦስት የመኖ ነጋዴዎች አስተባብሬ በሳምንት አንዴ አይሱዙ እከራይ ነበር። በኩንታል ሲካፈል ከፒክአፕ በእጅጉ ይረክሳል።

የመኖ ነጋዴዋ

ወንድሜ፣ አይሱዙውን ሞክረነዋል። አስፋልት ዳር ላሉት ደንበኞች ጥሩ ነው። የእኔዎቹ ግን ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያሉ ናቸው፤ መሬቱ መረሬ ነው። ክረምት ላይ አይሱዙ ከገባ ሁለት ቀን ሳይቀረቀር አይወጣም። ደግሞም አንዱ አንድ ኩንታል፣ ሌላው ሁለት ኩንታል ነው የሚወስደው፤ በየቤቱ ማውረድ አለብኝ። ሾፌር ላልከው፣ መንጃ ፈቃድ ስላለኝ ራሴ ነኝ የምነዳው።

መልስ፦ ከሻርጃ

ወንድምሽ ብር ከማውጣቱ በፊት ይህን አንብቢለት። እኔም ለአባቴ ልልክ ብዬ ሁለት ወር ሙሉ ስጠይቅ ከርሜ ነው ያወቅሁት።

እዚህ መኪናው ርካሽ መስሎ ይታያል። ችግሩ ያለው ቀረጡ ጋ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ኤክሳይዝ ታክስ የሚጣልበት በዕድሜው ነው፤ ባረጀ ቁጥር ይጨምራል። ሌላው ነገር ግብሩ የሚሰላው አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ መሆኑ ነው። መጀመሪያ በመኪናው ዋጋ፣ በማጓጓዣውና በኢንሹራንሱ ድምር ላይ የጉምሩክ ቀረጥ ይሰላል። ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ኤክሳይዝ ይመጣል፣ በዚያ ሁሉ ላይ 15 በመቶ ቫት፣ በዚያም ላይ 10 በመቶ ሱርታክስ። አሮጌ ፒክአፕ ተሸክሞት የሚገባው ግብር ከራሱ ዋጋ በብዙ ይበልጣል።

በዚያ ላይ ከጥር 2016 ወዲህ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሎ ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። ያሰባችሁት መኪና በዓይነቱ ይገባ አይገባ እንደሆነ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) አረጋግጦ በጽሑፍ ሳይሰጣችሁ አንድ ድርሃምም እንዳትከፍሉ።

መልስ፦ ቦሌ ቡልቡላ ነዋሪ

ለምን በዚህ ልክ ተወደደ ለሚል፦ በጥቅምት 2015 በ38 ዓይነት ዕቃዎች ላይ ባንኮች ኤልሲ (ለአስመጪ የሚከፈት የባንክ የክፍያ ዋስትና) እንዳይከፍቱ ሲከለከሉ መኪናም አብሮ ነበር። ከዚያ የጥር 2016ቱ ክልከላ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ 100 አለፈ። መለዋወጫውም አብሮ ወጣ። አዲስ መኪና መግዛት ያቃተው ሁሉ ወደ አሮጌው ዞረ፣ አሮጌው ደግሞ ቁጥሩ ያው ነው።

ለዚህም ነው ከአዳማው ወንድሜ የምለየው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ግን መኪናው ከ13 ዓመት በኋላ ዜሮ ይሆናል ብሎ ነው ያሰላው። እሷ ራሷ በ2014 1.2 ሚሊዮን የተባለችው መኪና ዛሬ 2.7 ሆኗል። እህቴ፣ ያን ጊዜ ገዝተሽው ቢሆን ኖሮ ስትሠሪበት ከርመሽ ብትሸጪውም ታተርፊ ነበር። ብሩ ባንክ ቢቀመጥ ይህን አያመጣም። ወደፊትም እንዲሁ ይቀጥላል ብዬ ግን ዋስ አልሆንሽም፤ በተለይ በብድር ለሚገዛ ሰው።

መልስ፦ የጭነት ሰው፣ አዳማ

ይህን እቀበላለሁ። ራሷ የምትነዳ ከሆነም ሒሳቡ ይለወጣል። እህቴ፣ ስትመለሺ ባዶ ነው የምትመጪው? ከእነዋሪ ጤፍና ስንዴ የሚያስጭን ነጋዴ ሞልቷል። ከ12ቱ ምልልስ በስድስቱ እንኳ 3 ሺህ ብር የመልስ ጭነት ብታገኚ 18 ሺህ ነው። የሾፌሩ 12 ሺህም ይቀራል። ያኔ በወር 47,400 ይተርፍሻል፤ አምስት ዓመት ሳይሞላ ዋጋውን ይመልሳል። የመልስ ጭነቱን ግን መኪናው ከመገዛቱ በፊት ተነጋግረሽ ያዢው።

መልስ፦ መካኒክ ነኝ፣ ቃሊቲ

ልጄ፣ 26 ዓመት በዚህ ሙያ ላይ ነኝ። ደላላ «ሃይሉክስ ነው» ሲልሽ መጀመሪያ ሞተሩ ምንድን ነው በይ። በዚያ ዘመን ሞዴል ላይ የሚገኘው በብዛት 5ኤል ነው፤ 3 ሺህ ሲሲ ናፍጣ፣ ተርቦ የሌለው፣ ፓምፑ ሜካኒካል። ጉልበቱ ደካማ ነው፣ ግን የትም ወረዳ ያለ መካኒክ ይፈታዋል። ከእሱ በኋላ የመጣው ዲፎርዲ የሚሉት ሞተር ጉልበትም አለው፣ ናፍጣም ይቆጥባል። ነገር ግን ኢንጀክተሩ ውኃና ቆሻሻ ያለበትን ናፍጣ አይችልም፤ አራቱ አንድ ላይ ከሄዱ የዓመት ትርፍሽን ይዘው ይሄዳሉ። ናፍጣ ከበርሜል የምትቀጂበት ቀን ካለ 5ኤልን ያዢ።

መኪናውን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ እዪው። ስትደርሺ ኮፈኑን አስከፍተሽ ሞተሩን በእጅሽ ንኪ። ሞቆ ከጠበቀሽ ሻጩ በብርድ ሲነሣ እንድታዪው አልፈለገም ማለት ነው። ሌላ ቀን ቅጠሪው።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቺና ገልብጠሽ እዚያው አፉ ላይ አስቀምጪው። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም። ጭሱ ከታች እየገፋ ክዳኑን ካንከባለለው የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፤ ሞተር ማውረድ ይጠብቅሻል። ራዲያተሩን ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ክፈቺ፣ ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ጠርጥሪ። ደብረ ብርሃን ከፍታው ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ አትደንግጪ። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት እየበላ ነው።

ከሁሉ በላይ ሻንሲው። የጭነት ፒክአፕ የሚሞተው ከኋላ ነው። ከሥር ገብተሽ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) የታሰረበትን ቦታ በባትሪ አብሪበት። በብየዳ የተለጠፈ ብረት ወይም አዲስ ጥቁር ቀለም ካየሽ ከአቅሙ በላይ ሲጭን ኖሯል። የሻንሲ ቁጥሩ በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ ሻንሲው ላይ ተመትቷል። ጨርቅ ነጭ ጋዝ ነክረሽ ጭቃውን ጥረጊና ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዪ። ዙሪያው ተሞርዶ ወይም ተበይዶ ከሆነ በነፃ ቢሰጡሽም አትንኪው።

የቀለሙ ማብረቅ አያታልልሽ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ በበሩና በጎኑ ላይ አስኪጂው፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ (የተጎዳ ቆርቆሮ የሚሞላበት ልስን) ነው።

መልስ፦ የሰነድ ጉዳይ አስፈጻሚ

ጋሼ ስለ ብረቱ ተናግረዋል፤ እኔ ስለ ወረቀቱ ልጨምር፤ እኔ ጋ አልቅሰው የሚመጡት በብዛት በዚህ የተጎዱት ናቸውና።

አንደኛ፣ ፋይሉ ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደሽ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት ከባለንብረቱ ጋር ሆነሽ አጣሪ። ሊብሬው በእጁ መሆኑ ብቻ ንጹሕ አያደርገውም።

ሁለተኛ፣ ከገበያው ብዙ የረከሰ ፒክአፕ ካየሽ ከቀረጥ ነፃ የገባ እንዳይሆን ጠይቂ። የፕሮጀክት፣ የኢንቨስተር፣ የድርጅት መኪና ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ቀረጡ ካልተከፈለ፣ ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ስሙ አይዞርም። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ያለ መኪና ገዝቶ ግቢው ውስጥ ቆሞበት ቀርቷል።

ሦስተኛ፣ በውክልና አትግዢ። «ስሙን በኋላ ታዞሪዋለሽ» ይሉሻል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወካዩ ከሞተ ውክልናው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ክርክርሽ ከወራሾች ጋር ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ቀርቦ ይፈርም። ገንዘቡን በባንክ፣ ውልና ማስረጃ በምትፈርሙበት ሰዓት አስተላልፊ።

ቀብድም ስትሰጪ በጽሑፍና በምስክር ይሁን፤ «ቀብድ» የሚለው ቃል ይጻፍበት። በሕጉ አንቺ ብትተዪው ቀብድሽ ይቀራል፤ ሻጩ ሌላ ገዢ አገኘሁ ብሎ ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። ዋጋ በሚጨምርበት ጊዜ ይህ ትልቅ ዋስትና ነው። ከ2.7 ሚሊዮኑ ሌላ የቴምብር ቀረጡንና የደላላውን ድርሻ የሚሸፍን ገንዘብ መያዝሽንም አትርሺ።

መልስ፦ ወሎ ሰፈር

ጨረታም አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች ያገለገሉ ፒክአፖችን ይሸጣሉ፤ ማስታወቂያው አዲስ ዘመን ላይ ይወጣል። ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) አስይዘሽ ነው የምትወዳደሪው። የሚሸጠው ግን ባለበት ሁኔታ ስለሆነ ሞተሩን አስነሥተሽ ላታዪው ትችያለሽ። መካኒክ ሳትይዢ አትሂጂ፤ «ቀረጥ ያልተከፈለበት» የሚል ቃል እንዳለም ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቢ።

የመኖ ነጋዴዋ (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉኝ አደረግሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ስደርስ ባለ 2.7ቱ መኪና ሞተሩ ሞቆ ጠበቀኝ። ሌላ ቀን ቀጥሬ ሳይነሣ አገኘሁት፤ ክዳኑ ደህና ነበር፣ ራዲያተሩም ንጹሕ ነበር። ከሥር ስገባ ግን በግራ በኩል ባሌስትራው የታሰረበት ላይ የመዳፌን ያህል ብረት ተበይዶበታል፣ ከላዩ አዲስ ጥቁር ቀለም። ደላላው «ይሄማ የፋብሪካ ነው» አለኝ። በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ እነዋሪ ሄጄ ሁለት የጤፍ ነጋዴዎች አነጋገርኩ። አንደኛው ዘወትር ማክሰኞ ጭነት ሊሰጠኝ ተስማማ፣ ሌላው መኪናውን ሳይ ብሏል። ስለዚህ ብድሩን ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ ባለኝ 1.9 ሚሊዮን ሲንግል ጋቢና እየፈለግሁ ነው። ለመኖ ሁለተኛው ወንበር ምን ያደርግልኛል? አንድ ባለ 5ኤል ጫጫ ከተማ ላይ አለ ብለውኛል፤ ባለቤቱ ራሱ ነው የሚሸጠው፣ ሊብሬውም በስሙ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሣ እንዲጠብቀኝ ነግሬዋለሁ።

መልስ፦ መካኒክ ነኝ፣ ቃሊቲ

ጎበዝ ልጄ። ያ ብየዳ የፋብሪካ አይደለም፤ እንኳን ተውሽው። ቅዳሜ ከሥር ስትገቢ የሁለቱንም ጎን ባሌስትራና የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንሥተሽ እዚህ ላኪልኝ። ሳላየው ቀብድ እንዳትሰጪ።