በየ20 ዓመቱ አዲስ የሚሠራው የኢሴ መቅደስ ጥንታዊ የሚባለው በምኑ ነው?

መንገደኛው፦
ለሥራ ወደ ጃፓኗ ከተማ ናጎያ ስሄድ አንድ ቀን ስለሚተርፈኝ የኢሴን የሺንቶ (የጃፓን ነባር ሃይማኖት) መቅደስ ለማየት አስቤያለሁ። ሆኖም ዋናው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2013 የተሠራ መሆኑን ሳነብ ግራ ተጋባሁ። ታዲያ ጥንታዊ የሚባለው ምኑ ነው? አንድ ቀንስ ይበቃኛል?

የናጎያው ተማሪ፦
ቀኑ ይበቃዎታል፤ በኪንቴትሱ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፣ መግቢያውም ያለ ክፍያ ነው። በልማዱ መሠረት አስቀድመው ከኢሴሺ ጣቢያ በእግር የሚደረስበትን ውጫዊውን መቅደስ ጌኩን ይጎብኙ፤ ከዚያም አውቶቡስ ይዘው የፀሐይዋ አምላክ አማቴራሱ ወደምትመለክበት ወደ ውስጠኛው መቅደስ ወደ ናይኩ ይሂዱ። ዋናው ሕንፃ በአራት ረድፍ አጥር የተከለለ ስለሆነ ከጣሪያው ጫፍ በቀር የሚያዩት ነገር እንደሌለ ግን ከወዲሁ ይወቁት፤ እኔ ይህን ሳላውቅ ሄጄ ቅር ተሰኝቼ ነበር። ወደ ዋናው በር ከሚያወጣው ደረጃ በላይ ፎቶግራፍ ማንሳት ክልክል ነው።

አናጺው፦
የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልሞክረው። ምሰሶዎቹ ያለ ድንጋይ መሠረት በቀጥታ መሬት ውስጥ የሚተከሉ፣ ጣሪያውም ሣር ስለሆነ፣ ሕንፃው ለረጅም ዘመን እንዲቆም የታሰበ አይደለም። ስለዚህ ጎን ለጎን ካሉት ሁለት ቦታዎች በአንደኛው ላይ አሮጌው ቆሞ ሳለ፣ በሌላው ላይ ሂኖኪ ከተባለው የጥድ ዓይነት እንጨት ያንኑ የሚመስል አዲስ ይሠራል። በአንደኛው ግንባታ መጋዝ ያቀበለ ወጣት በሚቀጥለው ዋና አናጺ ሊሆን ይችላል፤ በእኔ እይታ ጥንታዊው ይህ እጅ ነው። እንጨቱም አይጣልም፤ ወደ ናይኩ የሚያስገባውን የኡጂን ድልድይ ሲሻገሩ በሁለቱ ጫፎች የሚያገኟቸው በሮች ከቀድሞዎቹ ሕንፃዎች ታላላቅ ምሰሶዎች የተሠሩ ናቸውና ቀና ብለው ይመልከቷቸው።

የታሪክ አንባቢ፦
የአናጺውን ሐሳብ እጋራለሁ፤ ሆኖም ሰንሰለቱ ያልተበጠሰ እንዳይመስለን። በንግሥት ጂቶ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ690፣ የተጀመረው የመልሶ ግንባታ ሥርዓት በጃፓን የእርስ በርስ ጦርነቶች ጊዜ ከ120 ዓመት በላይ ተቋርጦ ነበር። የ2013ቱ 62ኛው ሲሆን፣ ቀጣዩ በ2033 ይፈጸማል።

መንገደኛው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እንደ ሌላው ጎብኚ ማጨብጨብ ይጠበቅብኛል?

የናጎያው ተማሪ፦
አይጠበቅብዎትም። ሁለቴ እጅ ነስቶ፣ ሁለቴ አጨብጭቦ፣ እንደገና አንዴ እጅ መንሳት የጸሎተኛው ሥርዓት ነው፤ እርስዎ ባርኔጣዎን አውልቀው ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ቢቆሙ ማንም ቅር አይለውም። በጌኩ በግራ፣ በናይኩ ደግሞ በቀኝ በኩል መሄድን ግን አይርሱ።